ጎሚስታው ጣሪያ ላይ ያለው ደወል

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለበትም። ጋዜጣ ላይ ቢወጣ እንኳ ከአንድ መስመር አያልፍም ነበር፦ አንድ ስዊድናዊ ተከላካይ በጉዳት ምክንያት ኳስ አቆመ። እኔ ገና የመጀመሪያ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ስለ ሌላ ሰው ሕይወት ለመጻፍ ምን መብት አለኝ እያልኩ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ሰርዤዋለሁ። ነገር ግን በየቀኑ በምነዳበት መንገድ ላይ፣ ጎሚስታው ጣሪያ ላይ፣ ትልቅ የነሐስ ደወል አለ። ከእኔና ከአንድ ሰው በቀር የሚያየው የለም። እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ያ ሰው የአጎቴ ልጅ ነው። አባቱ የአባቴ ታላቅ ወንድም ሲሆን፣ ከወሎ ወጥቶ በሱዳን በኩል ስዊድን ገብቶ እዚያ ወለደው። አማርኛውን የተማረው ከእናቱ ብቻ ስለሆነ እንደ ትልቅ ሰው ነበር የሚያወራው። አባቴን «አንቱ» ይለዋል። እኔ ፈተና ወድቄ ሳለቅስ «አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ያውቃል» ይለኝና፣ አንድ ሜትር ከዘጠና የሆነ ቢጫ ማሊያ የለበሰ ሰው የአያቴን ቃል ሲናገር ሳይ ለቅሶዬን ትቼ እስቃለሁ።

ኳስ የጀመረው አጥቂ ሆኖ ነበር። በአስራ ሁለት ዓመቱ አሰልጣኙ «እግርህ አይረባም፤ ጭንቅላትህ ግን ጥሩ ነው» ብሎ መሀል ተከላካይ አደረገው። በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ የከተማው ዋና ቡድን ውስጥ ገባ። ከዚያ ሌላ ከተማ፣ ከዚያ ኖርዌይ፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ በማይጠፋበት አገር ሁለት ዓመት ተቀያሪ ወንበር ላይ፣ ከዚያ የጉልበት ኦፕራሲዮን፣ ከዚያ ተመልሶ ስዊድን። በሠላሳ አንድ ዓመቱ አትላንታ ያለ አንድ ትንሽ ቡድን የአንድ ዓመት ኮንትራት ሰጠው። ልምምዱ ከከተማው ወጣ ብሎ ማሪዬታ ነበር፤ መኖሪያው ግን ሊልበርን፣ እኛ ቤት። አባቴ «የወንድሜ ልጅ እኔ እያለሁ አፓርትማ ሊከራይ? ሰው ምን ይላል?» ብሎ አንድ ክፍል ቀለም አስቀባለት።

አባቴ ኤርፖርት አጠገብ፣ ኢስት ፖይንት፣ መንገደኞችን ከመኪና ማከራያ ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ ባስ ይነዳል። እራት ላይ ሁልጊዜ ይለክፈው ነበር።

«ይህን ሁሉ ቁመት ይዘህ በዓመት አንድ ጎል እንኳ አታገባም?»

«አንቱስ አጎቴ፣ ስንት ዓመት ኤርፖርት ሲነዱ አንድ አውሮፕላን እንኳ አለዎት?»

እናቴ ስቃ ትን አላት። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ እንዲህ አለኝ፦ «እናቴ ቪዲዮ ላይ ስትፈልገኝ የምታገኘኝ ሌላ ሰው ጎል ሲያገባ ከኋላ ቆሜ ነው። ያዳንኩትን ማንም አይቀርጽም።»

በነሐሴ አንድ ጨዋታ ላይ የማዕዘን ምት ሊያወጣ ሲዘል ከራሱ ጓደኛ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩ። እቤት ሲመጣ «ደህና ነኝ» አለ። በማግስቱ ሻዩ ውስጥ ጨው ጨመረ፤ ቀምሶም ዝም ብሎ ጠጣው። ሳሎን ውስጥ ጥቁር መነጽር ማድረግ ጀመረ። አባቴ «አውልቀው እንጂ፣ ሆሊውድ መሰለህ?» ሲለው ሳቀ፤ መነጽሩን ግን አላወለቀም።

በሦስተኛው ቀን፣ ያኔ ገና ሃይስኩል ነበርኩ፣ ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ መጣ። መኪናውን ሳያስነሳ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። አራት የእንግሊዝኛ የቃላት ዝርዝር ነበር፣ እያንዳንዱ አስር አስር ቃል። የድሮ የቡድን ጓደኛው ነው የላከለት።

«ምንድነው ይሄ?»

«የጭንቅላት ፈተና። የቡድናችን ቴራፒስት ቃላቱን ታነብልኛለች፣ እኔ መልሼ እላለሁ። ከአስር ደቂቃ በኋላ ደግሞ እንደገና። ከአራቱ አንዱን ነው የምትመርጠው። ካላለፍኩ አልጫወትም።»

«ታዲያ ቀላል አይደል?»

«ድሮ ሰባት እል ነበር። ዛሬ ሞከርኩት። ሦስት።»

ሦስት ሲለኝ ማቆም ነበረብኝ። ግን ቀጥሎ «አጎቴን ያሳለፍሽበትን ዘዴ ለእኔም አድርጊልኝ» አለኝ፤ ኩራት ያዘኝ።

ዘዴው የእኔ ነው። አባቴን ለዜግነት ፈተና ያስጠናሁት አስራ ሦስት ዓመቴ ሳለ ነበር። መቶው ጥያቄ አልያዝለት ሲል በሚነዳው የባስ መስመር ላይ ደረደርኩለት። የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ሕገ መንግሥቱን፣ ማከራያው በር ላይ ሴናተሮቹን፣ ሻንጣ መጫኛው ጋ ዳኞቹን። እየነዳ ያያቸዋል። አለፈ። ከዚያ የእናቴ ጓደኞች ከሥራ መልስ፣ ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ፣ ወደ ቤታችን ይመጡ ጀመር። ለአንዷ የምታጸዳውን ሆቴል ፎቅ በፎቅ፣ ለሌላዋ ከቤቷ እስከ መስጊድ ያለውን መንገድ ሰጠኋቸው። ሁሉም አለፉ። «አላህ ይጨምርልሽ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ምርቃቱን እወድ ነበር። እኛ ቤት ፈተና የሚታለፍ ነገር ነው። ስለ ተፈታኙ የሚናገረው ነገር ሊኖር እንደሚችል ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩም።

ለአጎቴ ልጅ ከትምህርት ቤቴ እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ ሰጠሁት። እሱ ይነዳል፣ እኔ እያሳየሁት አስቀምጣለሁ። ነዳጅ ማደያው ላይ ዶሮ፣ ቤንዚን ስትቀዳ። ጎሚስታው ጣሪያ ላይ ደወል። ድልድዩ ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ። የትራፊክ መብራቱ ላይ የተደገፈ መሰላል። የኮሪያዎቹ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ክምር ሎሚ። እንዲህ እያልን እስከ በራችን አስር። ለየዝርዝሩ ምልክቶቹን ለየብቻ አደረግኳቸው፤ እነዚህ የሁለተኛው ናቸው፣ አራተኛውን ሳንጀምር ግን ፈተናው ደረሰ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ፣ ፈተናው የሚጀምረው በዚህ ጥያቄ ስለሆነ፣ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብዬ እጠይቀው ነበር። መጀመሪያ ላይ ይሳሳታል። ስነግረው ይይዛል።

ፈተናውን በስምንተኛው ቀን ተፈተነ። አስር ከአስር። ቴራፒስቷ «እንዲህ ዓይነት ጭንቅላት አይቼ አላውቅም» አለችው። እቤት ሲነግረን አባቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ጭንቅላቱን ያለማመድኩት ብቻ ነበር የመሰለው፤ የፈተናውን ቃላት ራሳቸውን ማጥናታችንን አያውቅም።

መስከረም ውስጥ ሁላችንም ስታዲየም ገባን። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ አንድ ረጅም ኳስ መጣ፤ በቴስታ መታው። ግጭት እንኳ አልነበረም፣ ማንም አልነካውም። እንደ እሱ ያለ ተከላካይ በሕይወቱ በሺህ የሚመታው ተራ ኳስ ነው። ኳሷ በትክክል ወጣች። እሱ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተቀመጠ፣ ከዚያ ተኛ።

ሆስፒታል ስንደርስ ዓይኑ ተከፍቷል። የትኛው ከተማ ውስጥ እንዳለ ሲጠየቅ አንድ የስዊድን ከተማ ጠራ። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይጠይቀው ጀመረ።

«ማደያው ላይ ዶሮ። ጎሚስታው ላይ ደወል። ድልድዩ ላይ ብርድ ልብስ።»

እናቴ ደረቷን ይዛ «ብርድ ልብስ ነው ያለው? በርዶታል ልጄን!» አለችና ከሌላ አልጋ ብርድ ልብስ አንስታ አለበሰችው። እሱ ግን ወደ መሰላሉ፣ ከዚያ ወደ ሎሚው ቀጠለ። አንድም አልዘለለም። ነርሷ ወደ እኔ ዞረች፤ እኛ ቤት አስተርጓሚዋ ሁልጊዜ እኔ ነኝ።

«ምን እያለ ነው?»

እናቴ እያየችኝ ነበር።

«በረደኝ እያለ ነው» አልኩ።

ነርሷ ጻፈችው። ያ ውሸት አሁንም እዚያ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ወረቀት ላይ ያለ ይመስለኛል።

መንዳት ተከለከለ። እኔ በዚያው ክረምት መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ስለነበር ወደ ሕክምናውም ወደ ቡድኑም የማመላልሰው እኔ ሆንኩ። እናቴን አንድ ጥያቄ በአንድ ቁርስ አራት ጊዜ ይጠይቃታል፤ እሷም አራቴ እንደ አዲስ ትመልስለታለች። ምድጃ ለኩሶ ይወጣል። ኳስ ግን አልረሳም። የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ ሁለት ጨዋታ ቀርቶታል፣ ኮንትራቱ የሚታደሰው በእነሱ ነው፣ ሌላ የሚወስደው ቡድን የለም። ይህንን ሲያስረዳ ዓረፍተ ነገሩ አይሰበርም።

«አራተኛውን ዝርዝር እንስራ» አለኝ አንድ ቀን ከኋላ ወንበር። ብርሃን ስለሚረብሸው እዚያ ተኝቶ ነበር የሚሄደው።

«ሐኪሙ እኮ ገና ነው ብሏል።»

«ሐኪሙ ኳስ ተጫውቷል? እህቴ፣ እኔ ሌላ ሥራ አልችልም። ስትሬስ አታድርጊኝ፣ አንቺ አስቀምጪልኝ ብቻ።»

አስቀመጥኩለት። እምቢ ማለት አልችልበትም ነበር። ግን እያስቀመጥኩ በመስታወቱ አየው ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቃላቱ በገቡ ቁጥር ሌላ ነገር እየወጣ መሰለኝ፤ አራተኛው ዝርዝር በገባ በበነጋው የእናቱን ስልክ ቁጥር ረሳ። ይህ በሳይንስ ትክክል እንዳልሆነ አሁን በክፍል ተምሬያለሁ። ያኔ ግን አምኜው ነበር።

የፈተናው ቀን ማሪዬታ ይዤው ሄድኩ። እሱ ጓደኞቹን ሊጨብጥ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ገባ። እኔ ቴራፒስቷ ክፍል ገብቼ አራቱን ዝርዝር የጻፍኩበትን ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩ። ምን እንዳልኩ በትክክል አላስታውስም። ስለ አባቴ የዜግነት ፈተና ሁሉ ያወራሁ ይመስለኛል። አልተቆጣችም። ወረቀቱን እስከ ታች አነበበችው፣ ገለበጠችው፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

እሱ ገብቶ ተቀመጠ። ጉልበቱ ላይ እጁን አድርጎ፣ እንደ ጥሩ ተማሪ። እሷ ክፍሉን ዙሪያውን አየችና ከራሷ አስር ቃል ጠራች፦ ፎጣ፣ ባልዲ፣ በረዶ፣ መጋረጃ፣ ሌላም ሌላም።

«ፎጣ» አለ። ቆየ። መንገዱ ላይ ሆኖ ሲፈልግ አየሁት፤ ዓይኑ ከማደያው ወደ ጎሚስታው ሄደ። «ባልዲ።» ከዚያ «ደወል» አለ። «ብርድ ልብስ። መሰላል።»

አንገቷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። እሱ ወደ እሷ አላየም፤ ወደ እኔ ነው ያየው።

ኳስ እንዳይጫወት የሚከለክለው የሐኪሙ ወረቀት የተፈረመው በኋላ ነው። ስዊድን፣ እናቱ ቤት፣ የተመለሰውም በኋላ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ በየሳምንቱ ትደውልለታለች፤ አልፎ አልፎ ስለ እኔ ይጠይቃል፣ መጥፎ ነገር አይናገርም። ለእኔ ግን ያበቃው ከማሪዬታ ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ ነው።

ያን ቀን ፊት ለፊት፣ አጠገቤ ነበር የተቀመጠው።

«አጎቴን አሳለፍሽ» አለ ሃይዌዩ ላይ። «የሰፈሩን ሴት ሁሉ አሳለፍሽ። እኔን ግን ጣልሽኝ።»

«አዎ» አልኩት።

ኤግዚቱን ወጥተን ወደ መንገዳችን ገባን። ሌላ መንገድ መያዝ እችል ነበር፤ አላሰብኩትም። ማደያው ጋ ስንደርስ በመስኮት እያየ «ዶሮ» አለ። ጎሚስታው ጋ «ደወል» አለ። በቁጣ አልነበረም፤ ሰው የሚያውቀውን ሰው መንገድ ላይ ሲያይ በስሙ እንደሚጠራው ነበር። ድልድዩ፣ መብራቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ እስከ በራችን ድረስ፣ አስሩንም።

ፓርክ አድርጌ ሞተሩን አጠፋሁ። ሳይወርድ ወደ እኔ ዞረ።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

እየቀለደ እንደሆነ ለማየት ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። ጠዋት ነግሬው ነበር።

«ሐሙስ ነው» አልኩት። «ኦክቶበር ሃያ አራት።»