ውስጥ የምትዞረው ካሴት

ትናንት ከጅግጅጋ ወደ ቶጎጫሌ በተሳፈርኩባት አሮጌ መኪና፣ ከቴፑ ሥር የስልክ መሰኪያ ጥቁር ገመድ ተንጠልጥሎ አየሁ።

ልጅ ሳለሁ የእኛም መኪና እንዲህ ያለ ገመድ ነበራት። መጀመሪያ ቴፗ የሚያጫውተው ካሴት ብቻ ነበር። አባቴ ደግሞ ያለችው ካሴት አንዲት ናት፤ እኛ ሳንወለድ ሐርጌሳ ሲሠራ እናቴ በደብዳቤ ፋንታ ድምጿን ቀድታ የላከችለት። እሷ ከሞተች ወዲህ መኪና ውስጥ ሌላ ነገር ከፍቶ አያውቅም።

ታላቅ ወንድሜ ጉሌድ ግን ከስልኩ ዘፈን መስማት አማረውና መኪናዋን ቴፕ ሠሪ ዘንድ ወሰዳት። ቴፕ ሠሪው የካሴቱን ድምፅ የሚያመጣውን ሽቦ ቆርጦ በምትኩ የስልክ ገመድ ቀጠለበት።

“ውስጡ ካሴት ካልዞረ አይሠራም፤ የማትፈልጉትን አንድ ስጡኝ” አለ።

ጉሌድ መኪናዋ ውስጥ ያገኛትን ሰጠው።

በማግስቱ አባቴ ቴፑን ሲከፍት የማያውቀው ዘፈን ጮኸበት።

“አልጠፋችም እኮ አባ፣ ውስጥ እየዞረች ነው” አለው ጉሌድ።

አባቴ መዳፉን ቴፑ ላይ አሳረፈ። “እሷማ እየተናገረች ነው” አለ።

ጉሌድ “ሽቦውን አስመልሰዋለሁ” እያለ ወራት አለፉ። አባቴ ታሞ አልጋ ላይ ሲውል ጉሌድ መኪናዋን ከነካሴቷ ሸጣት።

ትናንት ሹፌሩን ውስጥ የሚዞረው የምን ካሴት እንደሆነ ጠየቅኩት።

“እኔ እንጃ። መኪናዋን ስገዛም እዚያው ነበረች” አለና ዘፈኑን ከፍ አደረገው።