ያልያዝኳት ኳስ

ይህን ለእናቴ አልነገርኩም። ለሚስቴም አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህችን ዘልያታለሁ። እርስዎን አላውቅዎትም፤ ለእርስዎ መናገር የቀለለኝ ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ነገሩ የሆነው ክሪኬት ሜዳ ላይ ነው። ሐበሻ ክሪኬት ሲባል ፊቱ ላይ ጭንቅ እንደሚነበብ ስለማውቅ አላስረዝመውም። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ይመታታል። የተመታችው ኳስ መሬት ሳትነካ ከተያዘች መቺው ጨዋታው አለቀለት፣ ይወጣል። የኔን በደል ለመረዳት ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልግዎትም።

ኦስሎ የመጣሁት በአሥር ዓመቴ ከእናቴ ጋር ነው። ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር ማለት ነው፣ ፕሪንስዳል በሚባል ሰፈር ቤት ሰጠን፤ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ከፓኪስታን የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። ልጃቸው ናዲም እኩያዬ ነው። ክሪኬትን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ከሕንፃው ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ የኤሌክትሪክ ፕላስተር በጠቀለልንባት የቴኒስ ኳስ። ኖርዌጅኛውንም ቢሆን ከትምህርት ቤት ይልቅ ያስተማረኝ እሱ ነው ብል አልዋሸሁም።

መኪና ማቆሚያው ላይ ዳኛ አልነበረንም። ነካች አልነካች፣ ተያዘች አልተያዘች እያልን ጉሮሯችን እስኪደርቅ እንጨቃጨቅ ነበር። አንድ ቀን ሲመረኝ «እማዬ ትሙት!» አልኩ፣ በአማርኛ። ናዲም ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ስነግረው ደነገጠ፤ እናቴን ያውቃታላ፣ ከእጇ በልቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሕግ ሆነ። ፓኪስታኑም፣ የስሪላንካው ታሚልም፣ ኖርዌጂያኑም ልጅ «እማዬ ትሙት» ካለ ክርክሩ ያበቃል። ማንም በውሸት ምሎባት አያውቅም፤ ልጆች ነበርን፣ እናቶቻችን በእውነት የሚሞቱ ይመስለን ነበር። እኔም በውሸት አልማልኩባትም፣ ያን ጊዜ።

ጎልማሶች ስንሆን፣ በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ የመጀመሪያ አሥር ዓመት ሊገባደድ ሲል፣ ሁለታችንም ለኖርዌይ ብሔራዊ ቡድን ተመረጥን። የቡድኑ ልጆች አብዛኞቹ የፓኪስታን ልጆች ናቸው፤ ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። ልዩነታችን ግን ሌላ ነበር። ናዲም ዋና ተጫዋች ነው፤ እኔ አሥራ ሁለተኛው ሰው ነኝ። አሥራ ሁለተኛው ሰው ውሃ ያመላልሳል፣ ጓንት ያቀብላል። አንዱ ከተጎዳ ገብቶ ኳስ ያሳድዳል እንጂ አይመታም፣ አይወረውርም።

በዚያ በጋ እዚያው ኦስሎ፣ ኤከበርግ ሜዳ ላይ ውድድር ነበር። ገና ብቅ ብቅ የሚሉ፣ የክሪኬት አገር መሆናቸውን ጎረቤቶቻቸው እንኳ የማያውቁላቸው አገሮች የሚገናኙበት የታችኛው ምድብ ነው። ተጫዋቾቹ አስተማሪዎች፣ ታክሲ ነጂዎች፣ ነርሶች ናቸው፤ ከሥራ ፈቃድ ወስደው የመጡ። ከውጭ የሚያየው ይስቅ ይሆናል። እኛ ግን አንስቅም ነበር። ከዚያ ምድብ ወደ ላይኛው መውጣት ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በመጨረሻው ጨዋታ ያሸነፈ ይወጣል ተባለ።

ያን ቀን እናቴ ከናዲም እናት ጋር መጥታ ሣሩ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው ተቀመጡ። ጨዋታው አይገባትም፤ ሰው ሲያጨበጭብ ታጨበጭባለች። ውሃ ይዤ በአጠገቧ ሳልፍ ጠራችኝ።

«ዳኒ፣ ለዚህ ነው ከሥራ ፈቃድ የጠየቅከው? ውሃ ለማመላለስ?»

ልትቀልድ ብላ ነው። ሳቅኩላት። ውስጤ ግን ነደደ፤ አልዋሽም፣ በጣም ነደድኩ።

ከቀትር በኋላ ከእኛ አንዱ እግሩን ተጎድቶ ወጣና ገባሁ። የባላጋራችን መቺ ረጅም፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነበር፤ በአገሩ የሂሳብ አስተማሪ ነው ብለውናል። እሱ ከቆየ መሸነፋችን ነው፤ ከወጣ ማሸነፋችን። ይህን ሜዳው ላይ ያለ ሁሉ ያውቃል። መታት። ኳሷ ወደ እኔ መጣች፣ ዝቅ ብላ። ሮጥኩ፣ ተወረወርኩ፣ በደረቴ ተንሸራተትኩ።

ኳሷ መጀመሪያ ሣሩን ነካች። ከዚያ እጄ ገባች። መንካቷን በጣቶቼ አውቄዋለሁ፤ የጠረጠርኩት ነገር አይደለም። እጄንም ወደ ላይ አነሳሁ። ማን አነሳው? እጄ በራሱ ተነሳ ልበል? ደስታ አነሳው ልበል? እኔ ነኝ ያነሳሁት።

ዳኞቹ በሰው ተከልለው አላዩም። በዚያ ደረጃ ካሜራ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የቆየ ልማድ አለ፤ መቺው ያዥውን ይጠይቃል፣ የያዥው ቃል ይታመናል። ሰውዬው ዓይኔን እያየ «ያዝካት?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። እንጨቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ መውጣት ጀመረ።

ናዲም ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር፣ አይቷል። ለካፒቴናችን «መሬት የነካች መሰለኝ፤ ሰውዬውን እንጥራው» አለው። ካፒቴኑ ቢጠራው ኖሮ ይመለስ ነበር፤ ደንቡ ይፈቅዳል። ካፒቴኑ ግን እኔን አየ። «ja፣ አዎ፣ ይዣታለሁ» አልኩ። ናዲም ተጠጋኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከእኔ በለቃቀማት በተሰባበረች አማርኛው፣

«እማዬ ትሙት?» አለኝ።

እናቴ ከወዲያ ቆማ ታጨበጭብ ነበር። ልጇ ምን እንዳደረገ ባታውቅም አንድ ነገር ማድረጉ ገብቷታል። አየኋት፤ እያየኋትም «እማዬ ትሙት» አልኩ።

ናዲም ወዲያው ወደ ካፒቴኑ ዞረና «nei፣ አይ፣ ተሳስቻለሁ» አለው። አንዳች ጥርጣሬ ፊቱ ላይ አላየሁም። አመነኝ።

አሸነፍን፣ ወደ ላይኛው ምድብ ወጣን። እኔን ትከሻቸው ላይ አደረጉኝ። ናዲምን ግን የዚያኑ ዕለት ልብስ መቀየሪያው ውስጥ «ሊሸጠን ነበር» አሉት። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ «ዳኛው» የሚል ስም አወጡለት። እያደር ቀልዱ መረረ። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ ሲመረጥ ስሙ አልተጠራም፤ በክፉ ሰዓት ከራሱ ልጆች ጋር የማይቆም ሰው ተባለ። እኔ የእሱን ቦታ ያዝኩ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ነገሩ ይቀየር ነበር፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ጫማዬን እየፈታሁ ዝም አልኩ። ከአንዴም ሁለቴ፣ ከሁለቴም ብዙ ጊዜ ዝም አልኩ።

እናቴ «ያ ልጅ ምን ነክቶት ጠፋ?» ስትለኝ ምን እንዳልኳት ልንገርዎት? «ቀንቶብኝ ነው» አልኳት። አመነችኝ። ከእናቱ ጋርም ሰላምታዋ ቀዘቀዘ። ዓመታት በአንድ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ ሴቶች ናቸው።

ኳሷን ብቻ ብሰርቅ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ስንቱ ሜዳ ላይ ይዋሻል! ከዚህ በኋላ ያለው ነው የሚያቃጥለኝ።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። በመከር መጨረሻ የበረዶ ጎማ ላስቀይር ብሪን የሚባል ሰፈር ወዳለ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ከመኪና ሥር የወጣው ሠራተኛ ናዲም ነው። እዚያ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር፤ ባውቅ ሌላ ቦታ እሄድ ነበር። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀልኝ። ስለ እናቴ ጠየቀኝ። ከዚያ፣ ድሮ የምንጫወትበት ክለብ ዳኛ ሁንልን ብሎ ለምኖት እሱ እንቢ ማለቱን ነገረኝ።

«ለምን?» አልኩት። መጠየቅ አልነበረብኝም።

«ዓይኔን አላምነውም» አለ። «ያን ቀን እኮ ኳሷ ሣሩን ስትነካ ያየሁ መስሎኝ ነበር፤ በግልጽ ነበር ያየሁት። አንተ ግን በእናትህ ማልክ። ስለዚህ ያልሆነ ነገር ነው ያየሁት። እንዲህ ዓይነት ሰው እንዴት ይዳኛል?» ቀጠለና፣ «ዳኒ፣ በሰው ፊት ስምህን ላጠፋ ነበር። ይቅርታ ጠይቄህ አላውቅም። ይቅር በለኝ» አለኝ።

በሩ ተከፍቶ ነበር እኮ። ከዚህ በላይ ምን ይከፈትልኝ? እሱ ራሱ ነገሩን አንስቶ ፊቴ አስቀመጠው። አፌም ተከፍቷል።

«ተወው፣ አልፏል» አልኩት። እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ፣ «ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

ናዲም ዓይኑ እንባ አቀረረ። አመሰገነኝ። ጎማዬን ቀየረልኝ፣ እስከ በሩ ሸኘኝ።

ያችን ኳስ የነጠቅኩት ሰው አገሩ ገብቷል፣ ምናልባት ረስቶኛል። ናዲም ግን የገዛ ዓይኑን አጥቶ ይኖራል፤ ያሳጣሁት እኔ፣ ይቅር ያልኩትም እኔ። ወጣት ነበርኩ አልልም፣ ጋራዡ ውስጥ ወጣት አልነበርኩም። ፈራሁ አልልም፣ ከናዲም የሚያስፈራ ምን ነበር? እርስዎንም ፍቱኝ አልልዎትም፤ እርስዎን አልበደልኩም።

ስልክ ቁጥሩ አለኝ። ቤቱንም አውቀዋለሁ። ይህን በኖርዌጅኛ መጻፍ ይቀለኝ ነበር። በአማርኛ የጻፍኩት እሱ ማንበብ ስለማይችል ነው።