ከጎማው ሥር ያነሣሁት ድንጋይ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አላወጣሁትም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየዓመቱ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቱን፣ ጾም መግደፉን፣ የገበያ ውሸቱን አንድ በአንድ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸውም ስግደት አዘውልኝ ሰግጃለሁ። ይህችኛዋ ጋ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ዘልያት አልፋለሁ። ለልጄ ለጽጌም አልነገርኳትም፤ ለእሷማ በምን አፌ? አንተ የምታነበው ሰው አታውቀኝም፣ እኔም አላውቅህም። ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል። ይህም ራሱ ፈሪነት ነው፤ ይሁን።

ሚስቴን አስካለን የገደልኳት እኔ ነኝ። ከሞላሌ እስከ ዘመሮ የሚያውቃት ሁሉ ሽፈራው የሚባል ሾፌር ገደላት ይላል። ፍርድ ቤትም እንዲሁ ብሎ ፈርዷል፤ ሽፈራው ታስሯል፣ መኪናው ተሽጧል፣ ካሳውም ተከፍሏል። ካሳውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ከሳሹም እኔ ነበርኩ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ጊዜ ነው። በእኛ በኩል አውቶቡስ እንደ ልብ አይገኝም፤ መንገደኛ የሚሄደው በጭነት መኪና፣ ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ እሠራለሁ፤ አስካለ የበጉን ጠጉር ትፈትላለች፣ እኔ እሸምነዋለሁ። የዚያን ቀን መሐል ሜዳ እህቷ ዘንድ ክርስትና ተጠርተን፣ ለአራሷ የሠራነውን ባና በነጠላ ጠቅልለን ሞላሌ ገበያ ወጣን። የሽፈራው መኪና ከገበያው በላይ፣ አቀበቱ ላይ ቆማ ገብስ ትጭናለች። ሽፈራው የዘመሮ ልጅ ነው፤ መኪናዋን ከወንድሙ ጋር በሬና መሬታቸውን አስይዘው ነው የገዟት ይባል ነበር። የእጅ ፍሬኗ ደካማ ስለሆነ ዳገት ላይ ሲያቆማት ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ይወትፋል። ይህን ገበያተኛ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።

ጭነቱ አለቀና ሽፈራው ሒሳቡን ሊዘጋ ወደ እህል ነጋዴው ሱቅ ገባ። ሰው መሳፈር ጀመረ። አስካለ ጉልበቷን ያማት ስለነበር በጎኑ መውጣት አቃታት። ከላይ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ እጁን ዘረጋላትና «ነይ፣ እኅቴ፣ ልሳብሽ» አለ። ከታችም ሌላው «እኔ ልደግፋት» ብሎ ጠጋ አለ።

ይህ ነው እንግዲህ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሰው ሚስቴን ከላይ ሲስባት፣ ከታች ሲገፋት ማየት አልወደድኩም። ደንቆሮ ቅናት ልትለው ትችላለህ፤ እኔም ያንኑ እለዋለሁ። «ተዉ፣ መርገጫ አመጣለሁ» አልኩ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንደሚባለው መንዝ ላይ ድንጋይ አጣሁ፤ የገበያው ድንጋይ ሁሉ ተለቅሞ ካብ ሆኗል። ዓይኔ ያረፈበት ከጎማው ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ ነበር፤ ጠፍጣፋ ነው፣ ለመርገጫ ይመቻል።

ድንጋይ ከጎማ ሥር ለምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ለአንድ አፍታ ነው አልኩ በሆዴ። እሷ ትወጣለች፣ እኔ መልሼ እወትፈዋለሁ። ድንጋዩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሁለት እጄን ሰድጄ፣ ወዝወዝ አድርጌ፣ አወጣሁት። መኪናዋ አልነቃነቀችም። ድንጋዩን ከመኪናዋ ጎን አስቀመጥኩና «በይ ውጪ» አልኳት።

አንድ እግሯን ካነሣች በኋላ «ውይ፣ ባናው!» አለች። ጠቅልለን ከመኪናዋ በስተኋላ፣ ካቡ ሥር አስቀምጠነው ነበር። «እኔ አመጣዋለሁ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ቆሜ ጠበቅኋት። እሷ ባናውን ልታነሣ ጎንበስ እንዳለች ከላይ ያሉት ሰዎች ቦታ ሲለዋወጡ መኪናዋ ተነቃነቀች፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሄደች። ብዙም አልሄደችም። ካቡ ጋ ስትደርስ ቆመች።

የጮኸችው አስካለ አይደለችም፤ ሌላው ሰው ነው የጮኸው።

እኔን ሁለት ሰዎች በብብቴ ደግፈው ወሰዱኝና አስቀመጡኝ፤ ፊቴ ላይም ውኃ ረጩብኝ። ያስቀመጡኝ እዚያው ድንጋይ ላይ ነው። በእጄ ስዳብሰው ነው ያወቅሁት። ሽፈራው ከሱቁ እየሮጠ ወጣ፤ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ «ድንጋይ አድርጌ ነበር! በማርያም፣ ድንጋይ አድርጌ ነበር!» ይላል። ፖሊስ መጣ። ጎማው ሥር አየ፣ ካቡ ሥር አየ፣ ሽፈራው ወዳሳየው ቦታ ሄዶ አየ፤ ምንም የለም። ሰዉን ሁሉ ጠየቀ፤ መርገጫዬን ከየት እንዳመጣሁት ያስተዋለ አልነበረም። እኔን አልጠየቀኝም፤ ሐዘንተኛ አይጠየቅም። በአጠገቤ ሁለት ጊዜ አለፈ። ነጠላዬን ጉልበቴ ላይ አልብሼ ተቀምጬ ነበር። ድንጋዩ ከነጠላዬ ሥር ነው። ነጠላዬን ሆን ብዬ ነው የዘረጋሁት? አዎ፣ ይመስለኛል። ያን ጊዜ የተሰማኝ ነገር ምን እንደነበር ብትጠይቀኝ አላውቀውም። እንደ ደነዘዘ እግር ነበርኩ፤ ቆንጥጠውት የማያም።

አስካለ መሐል ሜዳ ሐኪም ቤት ሳያደርሷት ሞተች። ቀበርናት። ጽጌ ያን ጊዜ ጥርሷን ትነቅል ነበር።

አርባዋ ሳይወጣ ሽማግሌዎች መጡ። ፊት ፊት የሚሄዱት አባ ገብሬ ናቸው፤ አገራችን ላይ ደም ሲፈስ የሚያስታርቁት እሳቸው ነበሩ። ሽፈራው በዋስ ተለቆ ከኋላቸው መጣ። እንደ ወጉ ትልቅ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ደጃፌ ላይ ተንበረከከ። ድንጋዩን ትኩር ብዬ አየሁት፤ ያው መሰለኝ። ያው አልነበረም። ልጁ ወደ መሬት አጎንብሶ ያለቅሳል፤ ላቡና እንባው አብሮ ይወርዳል። እኔ አላለቀስኩም።

አባ ገብሬ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ወጋችንን ታውቀዋለህ። ይኼ ልጅ ጠላትህ አይደለም። ካሳውን ሽማግሌ ይቆርጣል፣ እሱም ይከፍላል። ከዚያ በፊት ግን ሁለታችሁም የጊዮርጊስን በር ይዛችሁ፣ ‹በልቤ የደበቅሁት ነገር የለም› ብላችሁ ትምላላችሁ። እርቅ ያለ መሐላ አይጸናም።»

የጊዮርጊስ በር። ክርስትና የተነሣሁበት፣ አስካለን ያገባሁበት፣ ከአጥሩ ውስጥ እሷን የቀበርኩበት ደብር። በሩን ይዤ «የደበቅሁት የለም» ልበል? እጄ እንደማይታዘዝልኝ አወቅሁ። ዳዊት የደገምኩ ሰው ነኝ፤ እንዲያ ምሎ የከዳ ሰው ዘሩ ምን እንደሚሆን ሲነገረኝ ነው ያደግሁት። ያለችኝ ዘር ደግሞ ጽጌ ብቻ ናት።

«አባቴ፣ እርስዎን አከብራለሁ» አልኳቸው። «እርቅ ግን አልፈልግም። ሕግ ባለበት አገር ነው ያለሁት፤ ሕግ ይዳኘኝ።»

አባ ገብሬም «ሐዘኑ ነው፤ ይቆይ» አሉና ሽፈራውን አስነሡት። አገሩ ግማሹ አንጀቱ ቆርጦ ነው አለ፤ ግማሹ ገንዘብ ፈልጎ ነው አለ። የፈለጉትን እንዲሉ ተውኳቸው። እውነቱን ላንተ ልንገርህ፦ ፍርድ ቤት የሄድኩት ፍትሕ ፈልጌ አይደለም፣ ካሳም ፈልጌ አይደለም። ከጊዮርጊስ በር ሸሽቼ ነው የሄድኩት። ከሳሽ አይምልም ብለውኝ ነበርና።

ከፍርድ ቤቱ ደጅ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር። ክሱን እያስተካከለ «ሾፌሩ ድንጋይ አድርጌ ነበር ብሎ ይሟገታል። አንተ ምን ትላለህ?» አለኝ። ነጠላዬን ማጣፋት ጀመርኩ። ሳቅ ብሎ «መቼም ያላየኸውን አየሁ አትል፤ አላየሁም በላ» አለኝ። ቃሉን ያገኘሁት ከሱ ነው። እሱ ግን ምንም አላጠፋም።

በችሎቱ ቀን የተሰየሙት ዳኛ ወጣት ነበሩ። ሽፈራው ተነሥቶ ቃሉን ሲሰጥ ወደ እሳቸው አልዞረም፤ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎ እዚያው ነበሩ» አለኝ። «ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጠፍጣፋ። ከኋላ ጎማው ሥር። አላዩትም? እባክዎ፣ አላዩትም?»

እንደ ከሳሹ አላየኝም፤ እንደ ምስክሩ ነው ያየኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው እውነት ይናገርልኛል ብሎ ተስፋ ያደረገው እኔን ነበር። ዳኛውም «ይመልሱለት፤ ድንጋይ አይተዋል?» አሉኝ።

«አላየሁም» አልኩ።

አላየሁም አልኩ። በእጄ ያነሣሁትን፣ የተቀመጥኩበትን፣ ነጠላ ያለበስኩትን ድንጋይ አላየሁም አልኩ። ሽፈራው ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ድንጋይ አንድም ቃል አልተናገረም።

ተፈረደበት። መኪናዋ በፍርድ ተሸጠች፤ ወንድሙም በሬውን ለአበዳሪ ሰጥቶ ወደ ቆላ ለጉልበት ሥራ ወረደ አሉ። በካሳው ቤቴን ቆርቆሮ አለበስኩ፣ ጽጌን ደብረ ብርሃን አስተማርኩ። ጎበዝ ናት። ዛሬ ነርስ ሆናለች፤ የሰው ቁስል ታጥባለች። ጎረቤት «የእናቷ ደም አስተማራት» ይላል። እኔም እሰማለሁ።

ሽፈራው ከእስር ሲወጣ አባ ገብሬ አርጅተው ነበር፤ በበቅሎ ሆነው እንደገና ይዘውት መጡ። አሁን ነገሩ በሕግ አልቋልና በር ያዙ፣ ማሉ የሚል የለም፤ ይቅር ለእግዚአብሔር ብቻ ነው። እኔም እሺ አልኩ። መሐላ የሌለበት እርቅ ምን ገዶኝ! ጠላ አቀረብኩላቸው። ሽፈራው ጠጉሩ ሸብቷል። ጠላውን ሳይቀምስ ተነሥቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» አለኝ። «እስር ቤት ሆኜ ሳስበው፣ ሳስበው ኖርኩ። ያን ድንጋይ ያደረግሁት ከዚያ በፊት በነበረው ገበያ ኖሯል። የዚያን ቀን አላደረግሁም። እርስዎ እውነተኛ ሰው ነዎት፤ ቢኖር ኖሮ ያዩት ነበር። እኔ ፍርድ ቤት ቆሜ ዋሽቻለሁ፤ እርስዎን ሐዘንተኛውን አስመስክራለሁ ብዬ አስጨነቅሁዎ። ለእትዬ አስካለ ደምም፣ ለውሸቴም፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ከዚያ የተሻለ ሰዓት ሊኖር አይችልም፤ አባ ገብሬ ነበሩ፣ ሽማግሌዎቹ ነበሩ፣ እሱ እግሬ ሥር ነበር። መኪናውን ወሰድኩበት፣ ዕድሜውን ወሰድኩበት፤ ያ ሳይበቃኝ በገዛ እጁ የሠራውን፣ በገዛ ዓይኑ ያየውን ወሰድኩበት። ከዚያ ወዲያ ከሰው ምን ይወሰዳል? አፌን ከፈትኩ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

«እሰይ!» አሉ ሽማግሌዎቹ። አባ ገብሬ በእንባ መረቁን፤ የእኔን ትልቅ ሰውነት እያነሡ አመሰገኑኝ። ሽፈራውም ጠላውን ጠጣ። ሲሄዱ እስከ አጥሩ ሸኘኋቸው፤ ተመልሼም ራቴን በላሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ዘንድ ብዙ አደረ፤ አልጠራም። ለጽጌ ብዬ ነው ዝም ያልኩት ልበል? ስንት ጊዜ ለራሴ ብዬዋለሁ። እናቷን አባቷ እንደገደላት ብታውቅ ትጎዳለች፣ እውነት ነው። ነገር ግን ድንጋዩ ላይ ነጠላዬን ስዘረጋ ስለ ጽጌ አላሰብኩም፤ ስለ ራሴ ነው ያሰብኩት። አላየሁም ስልም እንዲሁ። ልጄን ምክንያት ማድረግ የጀመርኩት ኋላ ነው።

አንተም ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ማለት በአፍ እንዴት ቀላል እንደሆነ እኔ አሳምሬ አውቀዋለሁ።

አባ ገብሬ አርፈዋል። ሽፈራው ግን አለ፤ ዘመሮ ነው የሚኖረው፣ የሰው ገብስ ያጭዳል አሉ። በማለዳ ከቤቴ ብነሣ ሳይመሽ ደጁ እደርሳለሁ። እግሬ ጤነኛ ነው፤ መንገዱንም አውቀዋለሁ። አልሄድኩም።