ከበር ጀርባ ማን አለ?

ሰፈሩ «እትዬ ቁልፍ» የሚላቸው ሴት የሕፃናት አስተማሪ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። እሳቸውም «ዝገት እስካልያዘኝ ድረስ ጥሩኝ» ብለው ሳቁ እንጂ አልከፋቸውም።

ሥራ ሲጀምሩ ሕፃናቱን የሚያስተምሩት አስፋልት ማቋረጥ ነበር። ግራ አይቶ፣ ቀኝ አይቶ፣ የትልቅ ሰው እጅ ይዞ። ስልክ በየቤቱ ከገባ ወዲህ ግን «አስፋልቱ መኝታ ቤት ድረስ መጣ፤ መኪናው ብቻ አይታይም» ማለት ጀመሩ። ከካርቶን ትልቅ ስልክ ቆርጠው፣ የጠርሙስ ክዳን በቁልፍነት ለጥፈው ግድግዳው ላይ ሰቀሉ። «የማታውቁት ሰው ደወለ!» ሲሉ አንዱ ሕፃን ተነሥቶ ቀዩን ክዳን ይጫናል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ዝጋ! ብሎክ አድርግ! ንገር!» ይላል። አጥብቀው የሚይዙት የመጨረሻውን ነው። «የነገረ ልጅ አይቆጡትም» ይላሉ፤ ወላጆችንም በዚሁ ያስምላሉ።

የየቤቱ ጥያቄም አለ። ዛሬ የሰው ድምፅ በማሽን ይሠራልና፣ አባትሽ ነኝ፣ አክስትህ ነኝ የሚል ሲደውል ወይም በር ሲያንኳኳ ልጁ «ከበር ጀርባ ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ቤተሰቡ ብቻ ያውቀዋል። በየመንፈቁ ይቀየራል፤ ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ ይነገራል፤ በስልክ አይወራም፣ አይጻፍም። አንድ ቀን አንዲት እናት መጥታ፣ «እትዬ፣ ልጄ እኮ እህቴን ደጅ አቆማት። ጦጣ በካልሲ ካላልሽ አልከፍትም አላት» አለቻቸው።

«ብትልስ ምን ነበረበት?»

«ረስታዋለቻ!»

«እንግዲያው ልጅሽ ከእህትሽ ይሻላል።»

እሳቸው ቤት ያለችው የልጃቸው ልጅ፣ ሚጣ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናቷን አታውቃትም። አባቷ ረጅም መንገድ የሚሄድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሲመጣ ወለሉ ላይ በጀርባው ይተኛና መጫወቻ መኪናዋን ሆዱ ላይ ትነዳለች። ቁልፍ እያለው እንኳ በሩን ያንኳኳል። እሷ ከውስጥ ትጠይቃለች፤ እሱ ከውጭ «አህያ በኮፍያ!» ይላል፤ ከዚያ ነው የሚገባው።

መንፈቁ ሲያልቅ መልሱ ተቀየረ። «ዶሮ በመነጽር» ያለችው ራሷ ሚጣ ናት። አባቷ መንገድ ላይ ነበር። በዚያው ሰሞን ሲደውል ቃሉ በእናቱ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ «ሲመጣ እነግረዋለሁ» ብለው ዋጡት። ደንቡን ያወጡት እሳቸው፤ እሳቸው ካፈረሱት ማን ይጠብቀዋል?

አንድ ከሰዓት እሳቸው ጣሪያው ላይ አንሶላ ሲያሰጡ፣ ሚጣ ታች በስልካቸው ሥዕል ትስል ነበር። ሲወርዱ ስልኩን አቅፋ ሮጣ መጣች።

«እማማ፣ ሌባ ደወለ! አባባን መሰለ፤ ድምፁ ግን ይተናነቀዋል። ስጠይቀው አህያ በኮፍያ አለ። አሮጌውን!»

«አንቺስ?»

«ዘጋሁት፣ ብሎክ አደረግሁት፣ ይኸው ነገርኩሽ።»

ቁጥሩን አዩት። አያውቁትም። አሮጌው መልስ በሆነ መንገድ ሾልኳል፣ እንኳንም ቀየርነው ብለው አሰቡ። ሌላ ነገር ወደ ልባቸው አልመጣም። «አንበሳዬ!» ብለው ግንባሯን ሳሟት።

በማግስቱ ጠዋት የመኪናው ባለቤት መጣ፤ ተቀመጥ ቢሉትም አልተቀመጠም። መኪናው ገደል ገብቷል። ልጃቸው ሆስፒታል አድሮ ሊነጋጋ ሲል አረፈ።

አስከሬኑን ሊወስዱ ሲሄዱ ያስታመመችውን ነርስ አገኟት። የእሱ ስልክ ስለተሰባበረ የደወለው በእሷ ስልክ ነበር። በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር የእናቱን ብቻ ነው።

«ስትዘጋበት ተቆጣ?» አሏት።

«ኧረ አልተቆጣም፣ እናቴ። የእናቴ ተማሪ ናት ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ እንደገና ደውዪልኝ አለኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አልገባ አለኝ። አሁንስ? አሁንስ? ይለኝ ነበር፣ እስኪደክመው ድረስ።»

ለሚጣ የአባቷን ሞት ነገሯት፤ ስለ ስልኩ ግን አፋቸው አልታዘዘም። እሷ አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ ትረሳውና ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሌባውን እንዴት እንደመለሰችው ትተርካለች። እንግዳው «ጎበዝ» ይላታል። እሳቸው ጓዳ ገብተው የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ጨብጠው ይቆማሉ።

«አፍሽን ያዢ» አለቻቸው ታናሽ እህታቸው። «ሕፃን ናት፣ ምን ታውቃለች?»

«ዛሬ አታውቅም። ነገ ከሰው አፍ ትሰማዋለች። ከዚያ ወዲያ እኔን አታምነኝም፤ አንድ ክፉ ሰው ቢመጣባት እንኳ አትነግረኝም።»

«ብትነግሪያት ደግሞ ትሰብሪያታለሽ።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ሰው ከተበተነ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ አደረጓት። «ሚጣዬ፣ የደወለው ሌባ አልነበረም። አባባ ነበር። ስለታመመ ነው ድምፁ የተለወጠው። አንቺ ያስተማርኩሽን አደረግሽ። አዲሱን መልስ ያልነገርኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሚጣ የቀሚሳቸውን ቁልፍ ስትነካካ ቆየች።

«አህያ በኮፍያ ልክ ነበር?»

«ለእሱ ልክ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽውም?»

«ሲመጣ እነግረዋለሁ ብዬ ነው።»

ከጭናቸው ወርዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ራቷንም አልበላችም።

እትዬ ቁልፍ ወደ መማሪያ ክፍላቸው ተመለሱ። የካርቶኑን ስልክ ከግድግዳው አላወረዱትም፤ አደጋው ዛሬም አደጋ ነውና። በወላጆች ስብሰባ ላይ ግን አንድ ደንብ ጨመሩ፦ መልሱ ከመቀየሩ በፊት በሩቅ ያለው ሰው ይወቀው፤ እሱ ካላወቀ አይቀየር። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሰፈሩ ሰምቷል። ሚጣም ክፍል ትመጣለች። ቀዩን ክዳን የመጫን ተራዋ ሲደርስ «ሽንቴ መጣ» ብላ ትወጣለች። እሳቸውም በሩን ይከፍቱላታል።

ስልኩን እንደገና እስክትነካ ብዙ ጊዜ አለፈ። አንድ አመሻሽ ላይ፣ እሳቸው ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ስልኩን ትኩስ ነገር እንደያዘች ከሰውነቷ አርቃ ወደ ጓዳ ገባች።

«እማማ፣ የማላውቀው ሰው የአበባ ሥዕል ላከልኝ።»

መጥታ ነገረቻቸው። ይህ አልጠፋም። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ስልኩን ተቀበሏት።

«ጎበዝ፣ እንኳን ነገርሽኝ። ዘጋሽው?»

ሚጣ ሁለት እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።

«አልዘጋሁትም» አለች። «አንቺ ዝጊው።»