የናሆም እናት ያወጡት ፖስታ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ልርሳው ብልም አልተረሳኝም። ሥራ ላይ ቆሜ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልናገር። የኮሪያ ድራማ ሱሰኛ ነኝ። ላፍቶ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ አብራኝ የምትሠራው ሐያትም ከእኔ አትሻልም። እሷ ከቴሌግራም ታወርዳለች፣ እኔ በፍላሽ እገለብጣለሁ። ጠዋት ስንገናኝ ከሰላምታ በፊት «የት ደረስሽ?» ነው የምንባባለው። ደንበኛ ከሌለ በድራማው ሰዎች እንጣላለን። ሐያት ያንን ፊቱ የማይፈታ፣ ልጅቷን ክንዷን ይዞ የሚጎትት ሀብታም ልጅ ትወዳለች። እኔ ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጃንጥላ ይዞ የሚደርሰውን፣ መጨረሻ ላይ ግን ባዶ እጁን የሚቀረውን ልጅ ነው የምወደው። «አንቺ ደግሞ የሚያምርሽ የተሸነፈ ነው» ትለኛለች።

አንድ ነገር ላይ ግን ጭራሽ አንስማማም። ጥሎ የጠፋ አባት ካለ ድራማው ሊያልቅ ሲል ታሞ ሆስፒታል ይገኛል። ልጅቷም አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ፖም እየላጠች ይቅር ትለዋለች። ሐያት እዚያ ላይ በሶፍት ነው የምታየው። እኔ ግን አሳልፈዋለሁ። የእኔም አባት ገና ሕፃን ሳለሁ ትቶን ሄዷል። ሌላ ቤተሰብ መሥርቶ መካኒሳ ይኖራል። እኔና እማዬ ከምንኖርበት ከለቡ መብራት ኃይል በታክሲ ብዙም አይርቅም፤ አንድም ቀን ግን መጥቶ አላየኝም።

ናሆም እጮኛዬ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ ብሎኝ ስጠብቅ፣ ፋሲካም አለፈ፣ ዳግማዊ ትንሣኤም አለፈ፣ እሱ ዝም። ስጠይቀው «እየተነጋገሩ ነው» ይለኛል። ማን ከማን ጋር፣ ስለ ምን እንደሚነጋገር አይነግረኝም። እኔም ኩራቴ ይዞኝ አልጎተጎትኩትም።

በዚህ መሀል አንድ ቀን ጠዋት እናቱ እትዬ ሙሉ ስልክ ደወሉልኝ። በበዓል ቀን ሰላም ከማለት በቀር ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብዬ አውርቼ አላውቅም።

«ልጄ፣ ናሆም ሳይሰማ ብቻሽን ላገኝሽ ፈልጌ ነበር» አሉኝ። «ነገ በምሳ ሰዓትሽ ሥራሽ አጠገብ እመጣለሁ።»

የኮሪያ ድራማ የሚያይ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። የልጁ እናት ልጅቷን ብቻዋን ካፌ ትጠራታለች። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወፍራም ፖስታ ታወጣለች። «ይህንን ይዘሽ ከልጄ ራቂ» ትላለች። ልጅቷ እንቢ ካለች ብርጭቆ ውሃ ፊቷ ላይ ትደፋባታለች።

ለሐያት ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ያኔ ነው የምር የፈራሁት።

«ውሃ ከመጣ ወደ አንቺ ሳቢው» አለችኝ ኮስተር ብላ። «ደግሞ ነጭ እንዳትለብሺ።»

ያን ቀን ሰው አልሆንኩም። ለሳል መድኃኒት ለመጣ ሰውዬ የጥርስ ሳሙና አውጥቼ ሰጠሁት። ናሆም ሲደውል አላነሳሁም። ማታ ቤት ገብቼ ድራማ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ተነስቼ ያልቆሸሸ ሰሃን አጠብኩ። እማዬ «ምነው ዛሬ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» አለችኝ። እሷ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ከሊጥ ጋር ውላ ስትገባ እግሯ ያብጣል። አየኋትና ተናደድኩ። አባት የላት፣ እናቷ የዳቦ ቤት ሠራተኛ፣ ለልጃችን አትመጥንም ብለው ይሆናል እያልኩ ሳብሰለስል አመሸሁ። የምመልሰውን ንግግር በቃሌ አጠናሁት።

በማግስቱ እትዬ ሙሉ ከእኔ ቀድመው ካፌው ደርሰዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብለዋል። አስተናጋጇ ለእሳቸው ሻይ፣ ለእኔ ማኪያቶ፣ ከመሀል አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጣ ሄደች። እኔም ቀስ ብዬ ውሃውን ወደ ራሴ ሳብኩት። አዩኝ።

ከዚያ ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አደረጉት። ከፍተው ሲጎረጉሩ ቆዩ። ትልቅ ካኪ ፖስታ አወጡ።

 ያጠናሁት ንግግር ድራሹ ጠፋ።

«እትዬ፣ ፖስታውን ይመልሱት!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። «እኔ ናሆምን የምተወው ራሱ ተዪኝ ካለኝ ብቻ ነው! ደሃ ብሆንም ክብር አለኝ!»

አጠገባችን ያሉት ሰዎች ዞረው አዩን። እትዬ ሙሉ ፖስታውን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ።

«የጉልበቴ ራጅ ነው እኮ፣ ልጄ» አሉ። «ከሐኪም ቤት ነው የመጣሁት። መነጽሬ ከሥሩ ገብቶብኝ ነው ያወጣሁት።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። እሳቸው መነጽራቸውን አግኝተው አደረጉ፣ ቦርሳቸውን ዘጉ።

«አሁን ደግሞ ውሃውን ስጪኝ፤ ኪኒኔን ልዋጥበት። ለምን እንደወሰድሽብኝ እንጃ።»

ሰጠኋቸው። ከመዋሸት መናገሩ ይሻላል ብዬ እየተንተባተብኩ ስለ ድራማው ነገርኳቸው። ፈገግ እንኳን ሳይሉ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«እዚያ አገር አማት ሁሉ ክፉ ነው?»

«አይ፣ መጨረሻው አካባቢ ይስተካከላሉ።»

እዚህ ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሲበቃቸው ግን ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የመጣሁት ለሌላ ነው። ሽማግሌ ልንልክ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን አባት በሕይወት እያለ እናት ዘንድ ሄደን ልጅ አንጠይቅም፣ ነውር ነው አሉ። መካኒሳ አባትሽ ቤት እንሂድ ባዮች ናቸው። ናሆም ሊጠይቅሽ ፈራ፣ ታዝንብኛለች አለ። እኔ ደግሞ ከእሷ አፍ ሳልሰማ ማንም አይሄድም አልኳቸው። የት እንላክ?»

 ካየሁት ድራማ በአንዱም ማንም ይህን ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። የአባቴ ሳሎን በዓይነ ሕሊናዬ መጣብኝ። ገብቼበት አላውቅም፤ ግን ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ እሱ ጋቢ ለብሶ፣ «ልጄን ሰጥቻለሁ» ሲል ታየኝ። ይበልጥ የተናደድኩት ያኔ ነው፤ ማኪያቶውን ገፋ አደረግኩት።

«እናቴ ጋ» አልኳቸው።

«አባትሽ ቅር ቢለውስ?»

«ቅር ይበለው።»

«አስበሽ ነው? አንዴ ከሆነ አይመለስም።»

«አስቤ ነው፣ እትዬ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። የሚጠይቁትም እሷን ነው።»

 እጄን ያዝ አድርገው «እንግዲያው እናትሽ ጋ ነው» አሉ።

«ሽማግሌዎቹስ እንቢ ካሉ?»

«እነሱን ለእኔ ተያቸው። እነዚህ እንቢ ካሉ ሌላ ሽማግሌ አይጠፋም።»

እማዬን ማሳመን ግን ከዚህ ሁሉ የባሰ ሆነ። «ሴት ብቻዋን ሽማግሌ ትቀበላለች እንዴ? ምን እላቸዋለሁ? ጎረቤታችንን ጋሽ ተሾመን እንለምነውና ይቀበልልን» አለች። እንቢ አልኳት። ተኮራረፍን። ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት እሑድ ሲደርስ ከጠዋት ጀምራ ወንበሮቹን አንዴ ወደ ግድግዳ፣ አንዴ ወደ በር ስታዞር አረፈደች። ቀሚሷን ቀየረች፣ ተመልሳ የመጀመሪያውን ለበሰች። እኔም ከእሷ ብሼ በመስኮት አጮልቃለሁ፣ ቁጭ እላለሁ፣ እነሳለሁ። ባይመጡስ? መካኒሳ ሄደው ቢሆንስ?

መጡ። ሦስት ነበሩ። እኔ መኝታ ክፍል ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ እሰማለሁ። እማዬ ተቀመጡ አለቻቸው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እሷም ግራ ገብቷት አብራቸው ቆመች። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ለመጠየቅ ነው የመጣነው አሉ።

 አሁን ማልቀሷ ነው ብዬ ተሳቀቅኩ።

«ቤተሰብ ላማክርና ከሁለት ሳምንት በኋላ ትመለሳላችሁ» አለች እማዬ።

ድምፅዋን አላወቅኩትም። ሽማግሌዎቹም የሚገባ ነው ብለው፣ መርቀው ሄዱ። በሩን ዘግታ እኔ ወዳለሁበት ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ወንድም የላት፣ እህት የላት፤ ማንን እንደምታማክር እያሰብኩ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«እሺ ቤተሰብ፣ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

አቅፌያት አለቀስኩ። ሠርጋችን አሁን ደርሷል። አባቴ ነገሩን ሰምቶ በጣም እንዳዘነ፣ ሰው ፊት እንዳዋረድኩት እንደሚናገር በሰው በሰው ሰምቻለሁ። አልዋሽም፣ ነገሩ ይቆረቁረኛል፤ በመካኒሳ ሳልፍ ከታክሲው መስኮት ፊቴን አዞራለሁ። ልጥራው አልጥራው የሚለውንም እስካሁን አልወሰንኩም።

እናቴ ጋ ይሂዱ በማለቴ ግን አልጸጸትም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት እማዬ ዳቦ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ያገኘችውን ሰው ሁሉ አስቁማ ስትናገር ሰምቻታለሁ። «ለልጄ ሽማግሌ ልከውብኝ፣ ገና መልስ አልሰጠሁም። እያሰብኩበት ነው።»