ጽዋው መንገድ ሲሻገር

ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር ሕግ የተማርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ መማር ከተባለ። አገር ቤት ሁለት ዓመት ሕግ ትምህርት ቤት ተቀምጬ ሦስተኛው ላይ ጥዬ ወደ ሱዳን ወጣሁ። ካርቱም ስደርስ ሰው የጎደለኝን ዓመት በነጻ ሞልቶ «ጠበቃው» አለኝ። እኔም አላስተባበልኩም። ቀን የሰው ግድግዳ ቀለም እቀባለሁ፣ ከሥራ መልስ ምክር አድላለሁ። የኪራይ ውል፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ ሁሉም እኔ ጋ ይመጣ ነበር። የራሴ መኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማዬ፣ ካለፈበት ስምንት ወር እንደሆነው ግን እንደ እናቴ ከማያቸው ከእትዬ በቀር ለማንም አልነገርኩም።

የሚካኤል ማኅበር ነበረን። በየወሩ በአሥራ ሁለት አንዱ ቤት ተሰብስበን ዳቦ ቆርሰን፣ ጠላ ቀምሰን እንለያያለን። አገር ቤት ቢሆን፣ ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን ጠላ እንደሞላ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ማኅበርተኛው በእልልታ ይሸኘዋል። ካርቱም ግን መጠጥ ስለሚያስገርፍ፣ ጽዋችን ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ እንደ ሽንኩርት ነበር የሚጓዘው። ሚካኤልም የተቀየመ አይመስለኝም።

ከዚያ ሕጉ ተለወጠ፤ ክርስቲያን በቤቱ ቢጠጣ አይጠየቅም ተባለ። ይህን የሰማሁት ካላክላ ከሚባል ሰፈር ቀለም ቀብቼ ስመለስ፣ ሀፍላ በሚሉት አውቶቡስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ሬዲዮ ነው። ግማሹን ሰማሁ፣ ግማሹን ሞተሩ በላው። ለእኔ ዓይነቱ ጠበቃ ግማሹ መች አነሰው!

በዚያ ወር ጽዋውን የሚረከቡት እትዬ ነበሩ። እትዬ ዴም ካለ ምግብ ቤት ወጥ ይሠራሉ፤ ሁለት ልጆቻቸውን ጎንደር እህታቸው ጋ ትተው የሚያስተምሯቸው በዚያች ሥራ ነው። ኢቃማቸውን ለማሳደስ ወራት ተመላልሰው ገና ያን ሰሞን ነበር የተሳካላቸው። ላስቲክ አልብሰው ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋታል። ያቺ ወረቀት ከሄደች ልጆቹ ትምህርት ያቆማሉ፤ ይህን የማያውቅ ማኅበርተኛ የለም።

«ልጄ፣ ጽዋውን እንደ ወትሮው ባዶውን ልውሰደው?» ብለው ጠየቁኝ።

አዎ ብል ምን ነበረበት! እኔ ግን ተነሥቼ ቆምኩ። ሕግ ያልከለከለው ወንጀል አይሆንም አልኩ። ወንጀል ለመባል ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች መሟላት አለባቸው አልኩ። የአንድ አገር የወንጀል ሕግ በግዛቱ ላይ የቆመውን ሁሉ፣ ዜጋም ሆነ እንግዳ፣ እኩል እንደሚይዝ፣ ሲለቅም እኩል እንደሚለቅ አስረዳሁ። ማኅበርተኛው «ሞራላዊ» ስል ጊዜ አፉን ከፈተ። በመጨረሻም ደመደምኩ፦ ጠላው እዚህ ቤት ወንጀል አይደለም፣ እትዬ ቤትም ወንጀል አይደለም፣ እንግዲህ መሀል መንገድ ላይ ከየት መጥቶ ወንጀል ይሆናል? የንስሐ አባታችን እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕውር ዕውርን ቢመራው ተያይዞ ገደል ነው፤ እኛ ደግሞ እየዘመርን ነው የገባነው።

እትዬ ሙሉውን ጽዋ በነጠላ ሸፍነው ተሸከሙ። ሴቶቹ እያጨበጨቡ፣ እልል እያሉ፣ በጠራራ ፀሐይ የዴምን አስፋልት ያዙ። ከለላ ሳይፈልግ፣ በጭብጨባ ፖሊስ እየጠራ ወንጀል የሚሠራ ሕዝብ ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም። የቤታቸው በር ሲታይ፣ ረክሻ የሚሏቸው ባጃጆች በሚቆሙበት ማዕዘን የፖሊስ መኪና ቆማ ነበር። አንዱ ወረደ፣ ነጠላውን ገለጠ፣ አሸተተ፣ «ያላ፣ ቂስም» አለ፤ ወደ ጣቢያ ማለቱ ነው። እልልታው ቀጥ አለ፤ ሴቶቹ ወደየጉራንጉሩ ገቡ። የሕግ ባለሙያውስ? ሱቅ ገብቼ ሳሙና ገዛሁ።

ሳሙናዬን እንደያዝኩ ፖሊስ ጣቢያ ደረስኩ። የእትዬ አረብኛ ከቲማቲምና ከሽንኩርት ስለማያልፍ አስተርጓሚ ይፈለግ ነበር። አስተርጓሚ ነኝ ስል አስገቡኝ፤ ወረቀት የጠየቀኝም የለም። እትዬ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጽዋው ጠረጴዛው ላይ ነው።

መኮንኑ ክፉ ሰው አልነበረም። ሕጉ ቤትሽ ውስጥ ጠጪ አለ እንጂ መንገድ ላይ ይዘሽ ውጪ አላለም፣ ብሎ በእርጋታ አስረዳ፤ ሬዲዮውን የሀፍላ ሞተር ያልበላበት ሰው ነው። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ ይቻላል ብሎ የነገራት ሰው እንዳለ እንድጠይቃት አዘዘኝ። ካለ መጥቶ ይናገር፤ ተሳስታ ነው ብዬ ወደ ቤቷ እሰዳታለሁ አለ። ሕግን አለማወቅ ይቅርታ እንደማያሰጥ መጽሐፉ ይላል፤ ሰውየው ግን ከመጽሐፉ ይሻል ነበር። የሚፈልገው አንድ ስም ብቻ ነው። ስሙ የተጠራው ደግሞ ኢቃማውን ያሳያል።

ጥያቄውን አንድም ቃል ሳልጨምር ተረጎምኩላቸው። ሳሙናውን እያየሁ ነበር የተናገርኩት።

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ «የነገረኝ የለም፣ በራሴ ነው በለው» አሉኝ።

አልኩታ! ቃል በቃል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አጥርቼ ተርጉሜ አላውቅም። መኮንኑ እስክሪብቶውን አንሥቶ ጻፈ።

ኢቃማቸውን ከአንገታቸው ወሰዱት፤ ሁለት ሳምንት አስረው በድንበሯ ከተማ በገላባት በኩል አስወጧቸው። ድልድዩን ሲሻገሩ ወንጀላቸው ወዲያ ማዶ ቀረ፤ አሁን መተማ ላይ ያንኑ ጠላ በራፋቸው ላይ ጣሳ ሰቅለው ይሸጣሉ። ስለ ሕግ የግዛት ወሰን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አስተማሪዎቼ አልሰጡኝም። ትልቁ ልጃቸው ግን ትምህርቱን አቁሞ ገላባት ሸቀጥ ይጭናል።

ከወር በኋላ ደወሉልኝ። እሰደባለሁ ብዬ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ አነሣሁት። እሳቸው ግን ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ኢቃማዬ ታድሶ እንደሆነ ጠየቁኝ።

«አልታደሰም፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ውይ ልጄ፣ ቶሎ አሳድሰው እንጂ። እኔ እኮ ያኔ ስምህን የዋጥኩት ለእሱ ብዬ ነው።»