ለመኪና የተላኩ ሽማግሌዎች

መኪናዋን ያየኋት በስደት በምንኖርበት ከተማ ዳር፣ ስካርቦሮ ውስጥ፣ ሐይቁን ቁልቁል ከሚያዩት ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ነው። ዋናው መንገድ ለጥገና ተዘግቶ በውስጥ ለውስጥ ባልዞር ኖሮ አላያትም ነበር። የጋራዡ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ እሷ ግማሽ ፊቷን ፀሐይ ላይ አውጥታ ቆማለች። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ መሬት ልትነካ ምንም ያልቀራት የድሮ የእንግሊዝ ሥራ ስፖርት መኪና ናት። መስታወቷ ላይ የምትሸጥ መሆኗን የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል። ቫኔን መንገዱ መሀል አቁሜ ወረድኩ። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ጥሩምባውን ሲያንባርቅብኝ ዞር ብዬ «ምን ሆነሃል? አታያትም እንዴ?» አልኩት። በአማርኛ ነው ያልኩት፣ ግን የገባው ይመስለኛል።

የገደለኝ ቀለሟ ነው። ያን ጊዜ ሬክስዴል አካባቢ ያለ አንድ የቀለም ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። ደንበኛ የቆርቆሮ ወይም የጨርቅ ቁራጭ ይልካል፣ እኔ ቁርጥ ያንኑ ቀለም እስካገኝ ድረስ ስቀላቅል እውላለሁ። ስለዚህ ቀለም አያታልለኝም ብዬ እኮራለሁ። ይህችኛዋ የሰናፍጭ ቢጫ ነበረች፤ ከሥሩ ትንሽ ቡናማ ነገር የሚታይበት፣ ያረጀ ግን ያልደበዘዘ፣ ዛሬ ማንም ፋብሪካ የማይቀባው ቢጫ። ጣቴን በሩ ላይ ሳሳልፍ ልቤ ድው ድው አለ። ትልቅ ሴት ነሽ፣ ልጆችሽ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል ብዬ ራሴን ብቆጣም የሚሰማኝ አጣሁ።

የመኪናዋ ባለቤት ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህር ነበሩ፤ ረጅም፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ነጭ ፂማም ፈረንጅ። ማርሽ መለወጥ እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። «አዲስ አበባ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በማርሽ ነው» አልኳቸውና ቁልፉን ተቀበልኩ። እሳቸው ከጎኔ ተቀመጡ። ፍሪሲዮኑን ረግጬ አንደኛ ሳስገባ እግሬ ሁሉንም ነገር አስታወሰ። ኪንግስተን ሮድ ላይ ወጥተን ሦስተኛ ሳስገባ ሞተሯ እንደ ጎረምሳ አጓራች፣ ንፋሱ ሻሼን ከአንገቴ ነጥቆ ወሰደው። ተመልሼ ላነሳው እንኳን አላሰብኩም። እልል ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ እሱንም ከጎኔ ያሉትን ሰው ላለማስደንገጥ ብዬ ተውኩት።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ማንኪያውን አስቀመጠ። እሱ ሶፋም ሆነ ጫማ ሲገዛ ቀድሞ የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለችው።

«ያዋጣል?» አለኝ።

«እንጃ! ቆንጆ ናት አልኩህ።»

«ስንት ሰው ትጭናለች?»

«እኔንና አንድ ሰው።»

«እና እሁድ ሰዉ ምን ሊሆን ነው?»

እዚህ ላይ ስለ እሁድ ልናገር። ቅዳሴ ሲያልቅ የእኔ ቫን ባዶ ሆኖ አያውቅም። «እህቴ፣ ራይድ አለሽ?» የሚለኝ አይጠፋም፤ አንዷ ወደ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ አንዱ ወደ ሬክስዴል፣ እርጉዟ፣ እግሯን የሚያማት፣ ትናንት ከኤርፖርት የመጣው እንግዳ። አውቶቡስ በእሁድ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ብርዱ ደግሞ አያስቆምም። ሁሉንም አድርሼ ቤቴ ስገባ ቀኑ መሽቷል። ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ አለው፣ ሀይዌይ ግን ስለሚፈራ ከጎኔ ተቀምጦ መዝሙር ያንጎራጉራል። ሰዎቹን እወዳቸዋለሁ፤ ምርቃታቸውን ለማንም አልሰጥም። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ወደ ፈለግሁት መንገድ አንዴ እንኳን ታጥፌ አላውቅም። ቤቱን የመረጥነው ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ቫኑን የመረጥነው ለወንበሩ ብዛት ነው። ያቺን ቢጫ መኪና የፈለግኳት ለማንም ስለማትሆን ነበር። ይህንን ለባለቤቴ በግልጽ ነገርኩት። በማግስቱ አጎቱ ጋ ደወለ።

እኛ ዘንድ ብቻውን ሄዶ መኪና የሚገዛ ሰው የለም። የሚያውቅ ሰው ይዞ ይኬዳል። የእኛ የሚያውቅ ሰው የባለቤቴ አጎት ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ ስለ ሞተር ምንም አያውቁም። የሚያውቁት መግዛትና መሸጥ ነው፤ ዕድሜያቸውን መርካቶ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው ነው ልጆቻቸው ወደዚህ ያመጧቸው።

«አንቺ እንዳትናገሪ» አሉኝ በመንገዳችን ላይ። «ፊትሽ ላይ ይነበባል። ገና ሳንወርድ ነው ዋጋ የምትጨምሪብን።»

ጋራዡ ውስጥ ገብተው መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞሯት። ከንፈራቸውን መጠጡ። ጎማዋን በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉ። ወንበሩን ነክተው ጣታቸውን በመሀረብ ጠረጉ። «ይቺ ለዶሮ ቤት ካልሆነች ለምን ትሆናለች?» አሉ በአማርኛ። መምህሩ ምን እንዳሉ ጠየቁኝ። «እያሰቡ ነው» አልኩ። ጋሼ ግን ነገሩ እንዲሰማ ስለፈለጉ፣ ከሚያውቋት ጥቂት እንግሊዝኛ መርጠው ጮክ ብለው «ጋርቤጅ!» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወጡ።

«ቀስ እያላችሁ ሂዱ» አሉን። «ወደ ኋላ እንዳታዩ። ቫኑ ጋ ሳንደርስ ይጠሩናል።»

ቀስ እያልን ሄድን። ባለቤቴ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ አለ፣ እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ያልጠፋ ቁልፍ ፈለግሁ። ከኋላችን የሰማነው ድምፅ የጋራዡ በር ሲዘጋ ነው።

ደሜ ፈላ። ቫኑ ውስጥ ገብተን ገና በሩ ሳይዘጋ «እዚህ መርካቶ መሰለዎት እንዴ?» ብዬ ጮህኩባቸው። እንዲህ ብዬ ጮሄባቸው አላውቅም ነበር። «ሰውየው የሚወዷትን መኪና ነው ቆሻሻ ያሉባቸው!» ጋሼን ቤታቸው ቶርንክሊፍ ፓርክ አደረስናቸው። ሲወርዱ በሩን ይዘው ቆሙና «አስቀየምኳቸው ማለት ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያው ሽማግሌ ይዘን መሄድ አለብን። ሰው አስቀይሜ ዝም ብዬ አልቀመጥም።»

ያበዱ መስሎኝ ነበር። ሥራ በማይገባበት በሎንግ ዊክኤንዱ ሰኞ ግን ጋሼ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር፣ ሦስቱም ሙሉ ልብስ በከረባት ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከፎቃቸው ሥር ቆመው ጠበቁን። ሦስቱንም ጭኜ ወደ ስካርቦሮ ነዳሁ። ቢያንስ መኪናዋን አንድ ጊዜ አያታለሁ እያልኩ ነበር።

በሩን የከፈቱልን የመምህሩ ሚስት ናቸው፤ ደግ ፊት ያላቸው ክብ ሴትዮ። ነጠላውንና ከረባቱን አይተው ትንሽ ደነገጡ፣ ቢሆንም አስገቡን። መምህሩ ከወንበራቸው ተነስተው ጋሼን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ሴትየዋ እንድንቀመጥ ጋበዙን። ሽማግሌዎቹ ሳሎኑ መሀል ተደርድረው ቆሙ። ሻይና ትኩስ አፕል ፓይ መጣ። ማንም አልነካውም።

ለሽምግልና የሄደ ሰው የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም፣ የቀረበለትንም አይቀምስም። እኛ ይህን ከልጅነታችን እናውቃለን፤ እነሱ ከየት ይወቁት?

«አለርጂ አለባቸው?» አሉኝ ሴትየዋ በሹክሹክታ። «ለውዝ የለበትም እኮ።»

«አይ፣ ጤነኞች ናቸው።»

«ወንበሩ ዝቅ ይልባቸው ይሆን? ሌላ ላምጣ?»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ባለቤቴ ክንዴን ቆነጠጠኝ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ተርጉሚ አሉኝ።

«ዕቃ አጣጥሎ መግዛት ለምዶብኝ ነው» አሉ። «በእኛ አገር የማይፈልገውን ዕቃ የሚሰድብ የለም። የሰደብኩት መኪናዎን ነው፣ የነካሁት ግን እርስዎን ነው። እነዚህ ጓደኞቼ ምስክሮቼ ናቸው። ይቅር እስኪሉኝ ድረስ እዚሁ እቆማለሁ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። መምህሩ የቆሙትን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አዩ። ከመካከላቸው አንደኛው ምርኩዛቸውን ተደግፈው እግራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ለእኔ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ ለእርስዎ ነው» አልኳቸው።

«ይቅር ብያለሁ። ኧረ በእግዚአብሔር ይቀመጡ!»

ሽማግሌዎቹ መርቀው ተቀመጡ። ፓዩን እንዴት እንደበሉት! ጋሼ ደገሙ፣ ሴትየዋ በደስታ ቀሉ። እኔ ግን መምህሩን አይ ነበር። ሹካቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ ድንገት ተነሱና «ሁላችሁም ወደ ጋራዡ ኑ» አሉን።

በሩን ከፈቱ። ቢጫዋ እዚያው ናት። ባየኋት ቁጥር ይበልጥ ታምርብኛለች። መምህሩ የመኪናዋን ወለል ምንጣፍ ገለጡና ከኪሳቸው ካቻቪቴ አውጥተው ብረቱን ወጋ አደረጉት። ካቻቪቴው እንደ ደረቅ ቂጣ ሰብሮት ገባ። በቀዳዳው የጋራዡ ሲሚንቶ ታየኝ። በየክረምቱ በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከሥሯ በልቶ ጨርሷታል።

«የመጣ ሁሉ ቀለሟን ነው የሚያየው» አሉ መምህሩ። «ያልጠየቀኝን አልነግርም ብዬ ነበር። ሽማግሌ ቤቴ ድረስ መጥቶ ቆሞ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ግን ያ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ዋጋውን እቀንሳለሁ። ባትገዥኝም አልቀየምም።»

ባለቤቴ አየኝ፣ ጋሼም አዩኝ። ጋሼ መከራከር የሚችሉበት ሰዓት ቢኖር ያ ነበር፤ አፋቸውን ግን አልከፈቱም። ቀለም አያታልለኝም የምለው እኔ፣ ጣቴን በሩ ላይ ሳሳልፍ አንዴ እንኳን ጎንበስ ብዬ አላየሁም። ልናደድ ይገባኝ ነበር። የተሰማኝ ግን ሌላ ነው፤ ቀዳዳዋን አይቼ ይበልጥ ፈለግኳት።

«ትጠገናለች ወይ?» አልኳቸው።

«ወለሉን ቆርጦ አዲስ ብረት መበየድ ነው። ብየዳውን እችላለሁ፣ ጉልበቴ ግን ከሥር አያስገባኝም። አንቺ ከሥር ከሆንሽ እኔ እያሳየሁሽ እንሠራታለን። በሙቀቱ ወራት እሁድ እሁድ ብትመጪ ሁለት ሰመር ይፈጅብናል።»

«አያዋጣም» አልኩ ወደ ባለቤቴ ዞሬ። «ሳትጠይቀኝ ልንገርህ፣ ምንም አያዋጣም። ግን እፈልጋታለሁ።» ከዚያ እሁድ የሚለው ቃል ትዝ አለኝና ልቤ ወረደ። ቅዳሜ ሥራ ነኝ። እሁድ ደግሞ እሁድ ነው። ለመምህሩ እሁድ ሰው እንደማደርስ፣ ሌላ ቀን እንደሌለኝ ነገርኳቸው። እጄን ከመኪናዋ በር ላይ አነሳሁ።

«እኔ አደርሳቸዋለሁ» አለ ባለቤቴ።

«አንተ? ሀይዌይ ላይ?»

«በውስጥ ለውስጥ እሄዳለሁ። ቢያመሹ ያምሹ።» መዳፉን ዘረጋልኝ። «ቁልፉን ስጪኝ። ዛሬ ጋሼን አድርሼ ልለማመድ።»

የቫኑን ቁልፍ ስሰጠው እንባዬ መጣ፤ ሳቄም አብሮ መጣ። ሽማግሌዎቹ ቫኑ ውስጥ ገቡ። ጋሼ እኔ ሁልጊዜ የምነዳበትን ወንበር አይተው፣ ባለቤቴን አይተው፣ ቀበቷቸውን ጠበቅ አድርገው አሰሩ። ቫኑ እየተንፏቀቀ፣ የት እንደሚታጠፍ እንኳን ሳይወስን ፍሬቻውን እያበራ፣ ከመንገዱ ጫፍ ተሰወረ።

እኔ ጋራዡ ውስጥ ቀረሁ። ለሽምግልናው የለበስኩትን ቀሚስ ሰብስቤ ካርቶን አነጠፍኩና ከሥሯ ገባሁ።